ዳግም የቀመሰችው ዲኤክስ

መኪናዬ ዲኤክስ የምትባለው የድሮ ቶዮታ ኮሮላ ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ አንዳንዴ አንቱ ልላት ይዳዳኛል።

የገዛኋት ከሸዋ ሮቢት ነው። ሻጩ ኮፋኖውን ከፍቶ የልጁን የምርቃት ፎቶ እንደሚያሳይ ሰው በኩራት አስጎበኘኝ። የፋብሪካዋን ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) አውጥቶ ባለ ሁለት ጉሮሮ ዌበር የሚባል ካርቡራተር ገጥሞላታል። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋንም ቀይሮታል። በድምፅ ብቻ ከሆነ አውሮፕላን ናት። «ሞዲፋይድ ናት፤ እንደ ጥይት ነው የምትሄደው» አለኝ። አልዋሸም። ሮቢት ላይ እንደ ጥይት ሄደች። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ግን ጥይቱ ቀለሃ ሆነ። ነዳጅ ስረግጥ ታጓራለች፤ ከማጓራት በቀር ግን የምታደርገው ነገር የለም።

አንድ እሑድ ካርቡራተሩን ራሴ አጥባለሁ ብዬ ተነሳሁ። ስልኬ ላይ ሁለት ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል? ፈታሁት። ሳፋ ውስጥ ቤንዚን አድርጌ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። መልሼ ልገጥም ስል ከሥሩ ያለው ስስ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቀዷል። መለዋወጫ ቤቱ ዝግ ነው። ቤት ውስጥ የብስኩት ካርቶን ነበር። በእርሳስ ነደፍኩ፣ በመቀስ ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ። ሲያዩት ያምራል። ነገ እቀይረዋለሁ አልኩና ረሳሁት።

መንቀጥቀጡ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሚኒሞ አልይዝም አለች፤ ነዳጅ ካልረገጥኩ በቀስታ መሥራት አቃታት። ቆማ ስትሠራ መስታወቱ ላይ ያንጠለጠልኩት መቁጠሪያ ያለ ጸሎት ይቆጥራል። እኔም መሪውን ይዤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ያየኝ ሁሉ ብርድ ይመስለዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ማንኛውም ችግር መጀመሪያ የሚሳበበው በብርዱ ነው። «ሞተሩ በርዶት ነው፤ ብርድ ልብስ ጣልበት» ያለኝ ሰው አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

አንዱ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ነው አለ፤ አራቱንም ቀየርኩ። ሌላው ፑንቲና አለ፤ እሱንም ቀየርኩ። ኮንዴንሰር፣ ቦቢና፣ የካንዴላ ገመድ... ወር ባልሞላ ጊዜ መኪናዋ ከውስጥ አዲስ ሆነች፤ መንቀጥቀጡ ግን አልሄደም። ስለ ካርቶኑ ለማንም አልተናገርኩም። ደብቄ አይደለም። ትዝ አላለኝም። (እሺ፣ ትንሽ ትዝ ብሎኝ ነበር።)

በዚህ መሀል የአጎቴ ልጅ ሊያገባ ነው ተባለ። ልጅቷ የደብረ ሲና ልጅ ናት። ሽማግሌ መላክ አለበት፤ መኪና ያለው ደግሞ እኔ ነኝ። ሦስት ሽማግሌ ጫንኩ፦ አጎቴን፣ የንስሐ አባታችንን አባን፣ እና ጎረቤታችን ጋሼን። ጋሼ የድሮ የኤንትሬ (የፊያት ከባድ ጭነት መኪና) ሹፌር ናቸው። ከአሰብ ጭነት ይዘው ጣርማበርን ሲወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ገና ሲገቡ ሞተሩን ትንሽ አዳመጡና «ልጄ፣ ይቺ መኪና ወባ ይዟታል እንዴ?» አሉኝ።

መሄጃው ሰላም ነበር። ከጣርማበር ዋሻ ወዲያ ሁሉም ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ የማይሄድ መኪና የለም። ሽማግልናውም አልከፋም። «እንመካከርበት፤ ከወር በኋላ ተመለሱ» ተባልን። ስንወጣ የልጅቷ እናት አንድ ፌስታል ቆሎና ራሳቸው ያወጡትን አንድ ጠርሙስ ዳግም አረቄ ለአጎቴ አስያዟቸው። አጎቴ ጠርሙሱን እንደ ታቦት አቅፈው ገቡ። አባ በዓይናቸው ገሠጿቸው።

ዳገቱ ተጀመረ። ማርሽ አንድ። ጭጋጉ ወርዷል። ሲኖ ትራክ አለፈን። ቀጥሎ አይሱዙ አለፈን። ቀጥሎ ማገዶ የጫነች አህያ አለፈችን። ባለቤቷ በመስኮት አይቶ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎን ሄደ። ገደሉ አፍ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩናል። አንድ ኩርባ ላይ ነዳጁን ለቀቅ ሳደርግ ተንዘፈዘፈችና ጠፋች።

ጋሼ ወረዱ። ኮፋኖውን አስከፈቱኝ። «አስነሳት» አሉ። በስንት ልመና ተነሳች። ጆሯቸውን አስጠጉ።

«አየር ትስባለች።»

«በየት በኩል ጋሼ?»

«እሱን ራሷ ትነግረናለች። እስቲ ያንን ጠርሙስ።»

አጎቴ ጠርሙሱን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «ይሄ እኮ የአማት አረቄ ነው!»

ሁላችንም ወደ አባ ዞርን። አባ ጢማቸውን ዳሰሱ። «መንገደኛን ለማድረስ ከሆነ ይፈቀዳል። ግን አይብዛ።»

ጋሼ በጠርሙሱ ክዳን እየቀዱ በካርቡራተሩ ግርጌ ዙሪያ ጠብ ጠብ ማድረግ ጀመሩ። (እናንተ እንዳትሞክሩት። በዚህ ሞተር ላይ የጋለው የጭስ ማውጫ ብረት እዚያው ከካርቡራተሩ ሥር ነው፤ ዳግም ደግሞ ክብሪት የሚቀበል ነገር ነው። እኔ ጃኬቴን አውልቄ ለማዳፈን ተዘጋጅቼ ነበር።) በፊት በኩል ጠብ አደረጉ፤ ምንም። በግራ፤ ምንም። በኋላ በቀኝ ጥግ ሲደርሱ መንዘፍዘፏ ቆመ። ድምፅዋ ጠራ፣ ከፍ አለ። አረቄው ሲያልቅ መልሳ ተንዘፈዘፈች። ደገሙላት፤ ደገመች።

«መለኪያ ስታገኝ ነፍሷ መለስ የሚል ናት» አሉ አጎቴ፤ በሐዘን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሞተር ሲሠራ አየር ይምጋል። እግራችን ከነዳጅ ላይ ሲነሳ የካርቡራተሩ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ምጉ የሚበረታው ያኔ ነው። ከሥሩ ስንጥቅ ካለ ያልተለካ አየር በዚያ ሾልኮ ይገባል፣ ቤንዚኑ ይቀጥናል፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይንዘፈዘፋል። ነዳጅ ሲረገጥ ጉሮሮው ስለሚከፈት የስንጥቋ ነገር ያን ያህል አይታወቅም። አረቄው ስንጥቋ ጋ ሲደርስ ተመጦ ገባና ነደደላት።

ጋሼ አራቱን ብሎን ፈትተው ካርቡራተሩን አነሱት። ጓርኒሲዮኔ በቀኝ ጥጉ ተበልቷል። የቀረውን ወደ ብርሃን አዙረው በመነጽራቸው አነበቡት፦

«በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።»

ማንም አልተናገረም። ጭላዳዎቹም ጭምር ዝም ያሉ መሰለኝ።

«ቀዝቃዛውን እንኳ አሟልተሃል» አሉ ጋሼ።

አጠገባችን ቆሞ ሲያይ የነበረ እረኛ ልጅ ወደ ቤቱ ተልኮ አንድ ቁራጭ የልብስ ሳሙና ይዞ መጣ። ቤንዚን ሳሙና አይበላም፤ የድሮ ሹፌሮች የሚያንጠባጥብ ታንከር የሚደፍኑት በሱ ነው። ጋሼ ከቆሎው ፌስታል ሥር ከነበረ ጠንካራ ወረቀት አዲስ ቆረጡ፣ በሁለቱም ፊት ሳሙና ለቀለቁት፣ ብሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ በተራ አጠበቁ። ከዚያ ሚኒሞዋን በካቻቢቴ አስተካከሉ። መቁጠሪያው ቆመ። ካርቶኑን ከገጠምኩ ወዲህ ሞተሩ እየሠራ መቁጠሪያው ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ነው። ልጁን ቆሎ ሰጠነው።

ጉልበት ግን አሁንም የላትም። የመጨረሻዋን ኩርባ አጎቴና ጋሼ ወርደው በእግር ወጧት። አባ አልወረዱም፤ እየጸለዩ ነበር።

የጉልበቱን ነገር የፈታው ደብረ ብርሃን ያለ መካኒክ ነው። አዲሶቹን ካንዴላዎች አወጣቸው፤ ጥላሸት ለብሰዋል። ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ለሮቢት የተለካው ቤንዚን እዚህ ለሞተሩ ይበዛበታል፤ ጥላሸቱም ከዚያ ነው። ዌበሩ ውስጥ ካሉት ሁለት የነዳጅ ማሳለፊያ ናሶች አንዷ 140 የሚል ተጽፎባታል፤ ቀዳዳዋ 1.40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። እሷን አውጥቶ 130 ከተተባት፤ ሌላዋንም በዚያው ልክ አጠበባት። ቀጭን አየር የሚወስደው ጉልበት አይመለስም፤ ግን ዛሬ አህያዋን እቀድማለሁ።

ከወር በኋላ ደብረ ሲና ተመለስን። ልጅቷን ሰጡን። ምሳ ቀርቦ ሁሉም ሲጫወት እናትየዋ ወደ አጎቴ ዘወር ብለው «ያ ዳግም እንዴት ነበር? ተስማማዎት?» አሉ።

አጎቴ እኔን አዩኝ። እኔ ወጡን አየሁ።

«ኧረ ግሩም ነው» አሉ ጋሼ ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው። «የተኛ ያስነሳል።»

እናትየዋ ደስ ብሏቸው ሌላ ጠርሙስ ሊያመጡ ተነሱ።