የላዳ ልጅ እና ኤስ 2000

ዋሽንግተን ዲሲ በገባሁ በአምስተኛው ወር የፓርኪንግ ሥራ አገኘሁ። ያኔ የከተማዋ ፓርኪንግ የሐበሻ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ከካሸሩ እስከ መኪና አቋሚው ሰላምታው በአማርኛ ነው። የኛ ጋራዥ ከመሬት በታች ሦስት ፎቅ ይወርዳል። ደንበኛው ቁልፉን ሰጥቶ ይሄዳል፣ የቀረው የኛ ሥራ ነው።

አንድ ጠዋት ብርማ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣራዋ ጨርቅ የሆነ ሆንዳ ኤስ 2000 መጣች። አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ልጆች ተያዩ። ማኑዋል ናት። ሁለቱም መንጃ ፈቃድ ያወጡት እዚሁ አሜሪካ ነው፤ ፍሪሲዮን ረግጠው አያውቁም። እኔ መንዳት የለመድኩት በአባቴ ላዳ ታክሲ ነው። "አምጡ ቁልፉን" አልኩ።

ገባሁ። ቁልፉን አዞርኩ። መብራቶቹ በሩ፣ ሞተሩ ግን ዝም። ደገምኩ። ዝም። ላብ አጠመቀኝ። ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ከመሪው በስተግራ ያለችውን ቀይ በተን አሳየኝ። ለካ ቁልፉን ካዞርክ በኋላ እሷን መጫን አለብህ።

ማርሿስ? የላዳ ማርሽ ወጥ እንደማማሰል ነው፤ ፈልገህ ነው የምታገኘው። ይቺ እጅህን ነቅነቅ ስታደርግ ቀጭ ብላ ትገባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ የኔ ሆነች። በቀን ሁለት መቶ ሜትር፣ ያውም ቁልቁል።

ባለቤቱ በዕድሜ የገፋ መሐንዲስ ነው፣ ወሬ ይወዳል። ሆንዳ በ1999 ነው ያወጣት (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ሞተሯ 2 ሊትር ብቻ ነው፤ ያለ ተርቦ 240 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። በደቂቃ 9000 ዙር ትሽከረከራለች ሲለኝ ሽማግሌው አጋነነ ብዬ ነበር። በ2004 አሜሪካ ለሚሸጡት ሞተሩን 2.2 ሊትር አደረጉት፤ ዙሩም ወደ 8000 ወረደ። ይህን ሲያወራ ርስቱን እንደተቀማ ሰው ነው። የሱ የ2001 ሥሪት ናት፣ ይህንንም በሳምንት አንዴ ያስታውሰኛል።

በ2009 መጀመሪያ ሆንዳ ምርቱ በዚያው ዓመት እንደሚያበቃ አሳወቀ። በአሥር ዓመት 110 ሺህ ገደማ ተሠርታለች። ኢኮኖሚው የወደቀበት ሰሞን ነው፤ የኛም ጋራዥ ግማሹ ባዶ ነበር። ሽማግሌው ቁልፉን ሲሰጠኝ "ሰማህ?" አለኝ። ፊቱን ሳይ ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ። "እግዜር ያጽናህ" በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ጠፍቶኝ ዝም አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ እሑድ መጣና "አንተ እኮ ይቺን መኪና ነድተሃት አታውቅም" አለኝ። እሱ ከጎን ተቀመጠ፣ እኔ መሪ ያዝኩ። ወደ ፈጣኑ መንገድ መግቢያ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። 3000 ዙር ስትደርስ እጄ ሳላዘው ሄዶ ሦስተኛ አስገባ።

"ገና ነው" አለ ሽማግሌው።

ምን ላድርግ? አባቴ ቤንዚን ለመቆጠብ ከሽሮሜዳ ቁልቁል ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ ሰው ነው። ሞተር ሲጮህ እኔ የሚሰማኝ ብር ሲቃጠል ነው። ዞረን ተመለስን። አሁንም እጄ ቀደመኝ። በሦስተኛው ሙከራ ቀኝ እጄን ጭኔ ሥር ወሸቅኩት። 6000 አካባቢ ድምፁ ተለወጠ፤ ቪቴክ የሚሉት፣ ቫልቮቹን ይበልጥ የሚከፍተው አሠራር መሆኑን በኋላ ነው ያስረዳኝ። በዚያች ሰዓት ግን ሌላ ሞተር የተነሳ ነው የመሰለኝ። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ብቻዬን እንደ ሕፃን እስቃለሁ።

ማታ ካርድ ገዝቼ አዲስ አበባ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ዘጠኝ ሺህ ድረስ ነዳኋት!"

"ቤንዚኑስ?"

"የሰው ነው።"

ሳቀ። መሥራት ሊያቆሙ ነው አልኩት።

"ምነው?"

"ገዢ ቀነሰ።"

"ስንት ሰው ትጭናለች?"

"ሁለት።"

"ከሾፌሩ ጋር?"

"ከሾፌሩ ጋር።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለ። "እስከ ዛሬም የሠሯት ደግ ሰዎች ናቸው።"