ከጆርጂያ አቬኑ እስከ ሮክቪል፦ የዋልተር ጆንሰንን ዱካ ፍለጋ

ዲሲ የመጣ ሐበሻ ዘጠነኛው ጎዳናንና ዩ ስትሪትን ሳይረግጥ አይመለስም። እንጀራው እዚያ፣ ቡናው እዚያ፣ የሚፈልጉት ሰው እዚያ። ከዚያ ሰፈር በጆርጂያ አቬኑ ትንሽ ሽቅብ ሲሉ በስተቀኝ የሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ዘመዶቼ ሁሉ ያውቁታል፤ የወለደችበት አለች፣ በፈረቃ የምትሠራበት አለች። ከሆስፒታሉ በፊት ግን እዚያ ቦታ ላይ ግሪፊዝ የሚባል የቤዝቦል ስታዲየም ነበር። ከምንጊዜም ምርጥ ፒቸሮች አንዱ የሚባለው ዋልተር ጆንሰንም የተጫዋችነት ዕድሜውን የፈጀው በዚያው ነው። ይህን የሚያውቅ ከዘመዶቼ መሃል አላገኘሁም። ዘመኑን ሁሉ ታክሲ ሲነዳ የኖረው አጎቴ እንኳ፣ ያውም ተሳፋሪ ሲጠብቅ የቤዝቦል ሬዲዮ ማዳመጥ የለመደው አጎቴ፣ «ምን ስታዲየም አለ እዚህ? እኔ የማውቀው ድንገተኛ ክፍሉን ነው» አለኝ።

አንድ ቅዳሜ አሳምኜው ወጣን።

ቤዝቦል ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ፒቸር ማለት ሜዳው መሃል ካለች ጉብታ ላይ ቆሞ 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ለቆመው መቺ ኳስ የሚወረውር ሰው ነው። ሥራው መቺውን ማሳት ነው። ግን የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን የራሱ ቡድን ነጥብ ካላስቆጠረለት ይሸነፋል፣ ሽንፈቱም በስሙ ይመዘገብበታል። ይቺን ነገር ያዟት፤ የጆንሰን ነገር ሁሉ ያለው እዚህችው ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው አማርኛችንን ሰምቶ ኖሮ «ማንን ልትጠይቁ ነው?» አለን በአማርኛ። «ማንንም አይደለም፣ ወለሉን ልናይ ነው» ስለው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ነገሩን ሳስረዳው ግን ሳቀ፣ ቦታውንም ያውቀው ኖሯል። ሆም ፕሌቱ፣ ማለትም መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ነጭ ምልክት የነበረበት ቦታ፣ አሁንም ሕንጻው ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል። ሰው በላዩ ላይ ያልፋል፣ ያገድማል። አጎቴ ለመምታት እንደተዘጋጀ ሰው ሁለት እጁን አጣምሮ ቆመና ፎቶ አንሳኝ አለ። አነሳሁት።

ስታዲየሙ ራሱ ለጉድ የተሠራ ነበር። የመሃል ሜዳውን አጥር ሲሠሩ እዚያ ያሉት አምስት ቤቶች ባለቤቶች አንሸጥም ስላሉ፣ አጥሩ እነሱንና አንድ ትልቅ ዛፍ ለመዞር ወደ ውስጥ ታጠፈ። የጆንሰን ቡድን ሴኔተርስ ወደ ሚኒሶታ የሄደው ለ1961 የውድድር ዘመን ነው፤ ስታዲየሙ በ1965 ፈረሰ፣ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። እግረ መንገዴን፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ሐዋርድ ሕክምና የተማረው ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ደብተሩን ይዞ የሚመላለሰው በዚሁ ሰፈር ነበር። ጆንሰን ደግሞ እስከ 1932 የቡድኑ አሠልጣኝ ነበር። ሁለቱ በአንድ መንገድ ተላልፈው ቢሆንስ? አጎቴ «ተላልፈዋል፣ እኔ እፈርማለሁ» ይላል። እኔ አልፈርምም፣ ግን ደስ ይለኛል።

ወደ ሰውየው ልምጣ። ጆንሰን በ1887 ካንሳስ ውስጥ ገበሬ ቤት ተወለደ። በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ የነዳጅ መንደር ሄደ። በ19 ዓመቱ አይዳሆ ውስጥ ዋይዘር በምትባል ትንሽ ከተማ ለስልክ ኩባንያ ቡድን ይጫወት ነበር። ወሬው ዋሽንግተን ደረሰና ቡድኑ ጉዳት ላይ የነበረ ተጫዋቹን ሄደህ እየው ብሎ ላከ። ልጁ ምናልባት ባይሳካልኝ ብሎ የመመለሻ ትኬት ካልተረጋገጠልኝ አልሄድም ማለቱ ይነገራል። አጎቴ ይቺን ሲሰማ «ብልህ ነው። እኔም ስመጣ እንዲህ ባስብ ኖሮ» አለና ሳቀ። ነሐሴ 2 ቀን 1907 ዲሲ ውስጥ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ተሸነፈ። ተጋጣሚው ዲትሮይት ነበር፤ የዘመኑ ኃይለኛ መቺ ታይ ኮብም ከእነሱ ጋር ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ገና 20 ዓመቱ ሳለ ኒውዮርክ ሄዶ የሠራውን አሁን የሚደግመው የለም። አርብ ወረወረ፣ ተጋጣሚው አንድም ነጥብ ሳያገባ አሸነፈ። ቅዳሜ ደገመው። እሑድ በኒውዮርክ ሕግ ጨዋታ ስላልነበረ አረፈ። ሰኞ ሦስተኛውን ጨመረ። የዛሬ ፒቸር አንዴ ከወረወረ አራት አምስት ቀን ያርፋል፤ ይሄኛው ያረፈው ሕጉ ስላስገደደው ነው።

የሚወረውረው ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ ጅራፍ እንደሚያጮህ እረኛ ነበር፤ ብዙ የሚታገል አይመስልም። ጋዜጠኞች «ትልቁ ባቡር» አሉት። በ1912 ኮኔቲከት ውስጥ አንድ የጠመንጃ ፋብሪካ ወስደው የጥይት ፍጥነት በሚለኩበት መሣሪያ ለኩት፤ በሰዓት 134 ኪሎ ሜትር ግድም ወጣ። ለዛሬ ጆሮ ትንሽ ነው። መሣሪያው ግን ለጥይት የተሠራ ስለነበር ኳሱን በጠባብ ቦታ አሾልኮ መወርወር ነበረበት። ስለዚህ ቁጥሩን እኔ ብዙም አላምነውም፤ የመቺዎቹን ፍርሃት ነው የማምነው። የሚገርመው እሱም መፍራቱ ነው። ሰው እንዳይመታ ይሰጋ ነበር። ታይ ኮብ ይህን ስለሚያውቅ ሆን ብሎ ሆም ፕሌቱ ላይ ተጠግቶ ይቆም ነበር። ተንኮለኛ!

ቡድኑ ሴኔተርስ ግን ደካማ ነበር። ዋሽንግተን በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ፣ በሊጉ መጨረሻ የሚል ቀልድ ነበረባቸው። በ1909 ጆንሰን 13 አሸንፎ 25 ተሸነፈ። በ1913 በተቃራኒው 36 አሸንፎ የተሸነፈው 7 ብቻ ነው። በ21 የውድድር ዘመን፣ ሁሉንም ለዚሁ አንድ ቡድን፣ 417 ጨዋታ አሸነፈ፤ በሊጉ ታሪክ ከሳይ ያንግ 511 ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ተጋጣሚን ባዶ ሰድዶ 110 ጊዜ አሸንፏል፣ ይህን እስካሁን የሚደርስበት አልተገኘም። ሰዎች ሲያወሩለት እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ደግሞ 279 ሽንፈቶቹን እወዳቸዋለሁ። 26ቱ 1 ለ 0 ናቸው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ወርውሮ አንዲት ነጥብ ብቻ ገብታበት፣ ጓደኞቹ ግን አንዲት እንኳ ሳያገቡለት 26 ጊዜ ወደ ቤቱ ሄዷል። በጓደኞቹ ላይ የሚነጫነጭ ሰው እንዳልነበረ አብረውት የነበሩ ሁሉ መስክረዋል። እኔ ብሆን በሁለተኛው ሽንፈት ቡድን እቀይር ነበር።

ከሆስፒታሉ ወጥተን ወደ ቤተዝዳ ስንነዳ መንገድ ላይ ለአጎቴ ያወራሁለት 1924ን ነው። ሴኔተርስ በመጨረሻ ለዓለም ሻምፒዮና ደረሱ። ጆንሰን 36 ዓመቱ ነበር። ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር በተደረገው ሰባት ጨዋታ ውስጥ አንደኛውንም አምስተኛውንም ወርውሮ ሁለቱንም ተሸነፈ። አለቀለት ተባለ። ጥቅምት 10 ሰባተኛው ጨዋታ እዚሁ ሆስፒታሉ ያለበት ቦታ ላይ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅም መጥተዋል። በዘጠነኛው ኢኒንግ (ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው፤ ጨዋታ ዘጠኝ አለው፣ እኩል ከሆኑ ይቀጥላል)፣ ውጤቱ 3 ለ 3 ሆኖ፣ ጆንሰንን ተቀይረህ ግባ አሉት። ወዲያው የጃያንትሱ ፍራንኪ ፍሪሽ አሻግሮ መታበትና ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆመ፤ ቤዝ ማለት መቺው ነጥብ ለማስቆጠር ሮጦ የሚያዳርሳቸው ማረፊያዎች ናቸው፣ ከሦስተኛው በኋላ የሚቀረው ሆም ፕሌቱ ብቻ ነው። አንድ ቀላል ምት ከተመታ ጃያንትስ ይመራሉ። ጆንሰን ጆርጅ ኬሊን አሳተው፣ ቀጣዩንም መለሰው። እንዲህ እየተንገዳገደ እስከ አሥራ ሁለተኛው ኢኒንግ ዘለቀ።

ያኔ ነው ጉዱ። የጃያንትስ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዘው) ሃንክ ጋውዲ ወደ ላይ የወጣች ቀላል ኳስ ሊይዝ ሲሮጥ እግሩ አውልቆ የጣለው የራሱ የፊት መከላከያ ማስክ ላይ አረፈ፣ ኳሷም አመለጠችው። ዕድል ያገኘው መቺ መዲ ሩል ቀጥሎ አሻግሮ መታና ሁለተኛው ቤዝ ደረሰ። ከዚያ ኧርል ማክኒሊ የመታት ኳስ መሬት ለመሬት ስትሄድ ጠጠር መትታ በ18 ዓመቱ ተጫዋች በፍሬዲ ሊንድስትሮም አናት ላይ ዘለለች። ሩል ገባ፤ 4 ለ 3። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው። አጎቴ መሪውን ይዞ «ጠጠር?» አለ። «አዎ ጋሼ፣ ጠጠር።» «ይሄን ሁሉ ዓመት ወርውሮ በጠጠር?» ታዲያ በምን ይሁን!

ቤተዝዳ በስሙ የተሰየመ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ በ1956 ነው የተከፈተው። የተማሪዎቹ ጋዜጣ ስም እንኳ «ዘ ፒች» ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1947 ስታዲየሙ ላይ የመረቁለት ሐውልት ስታዲየሙ ሲፈርስ ወደዚህ መጥቷል። ቅዳሜ ስለሆነ ግቢው ጭር ብሏል፣ አየነው፣ ሄድን። ብዙ የሚታይ ነገር የለም፤ ለእሱ ብላችሁ ከሩቅ አትምጡ።

ሮክቪል መቃብሩ ያለበት ግቢ ግን ዛፉ ያምራል። ከሚስቱ ከሄዘል አጠገብ ነው የተቀበረው። እሷ በ1930 ገና በወጣትነቷ ስትሞት አምስት ልጆች ጥላበት ሄደች። መጫወት ያቆመው በ1927 ነው፤ በዝግጅት ላይ ሳሉ አንድ የተመታ ኳስ እግሩን ሰብሮት ያ ዓመት የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ ዋሽንግተንንና ክሊቭላንድን አሠለጠነ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ጀርመንታውን ላይ እርሻ ገዝቶ ከብት አረባ፣ የካውንቲው ኮሚሽነር ሆኖ ተመረጠ፣ በ1940 ለኮንግረስ ተወዳድሮ ተሸነፈ። አጎቴ «እዚህም ተሸነፈ?» አለኝ፣ እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። በታኅሣሥ 1946 በአንጎል ዕጢ ሞተ፤ 59 ዓመቱ ነበር።

ማታ የዛሬው የዲሲ ቡድን የናሽናልስ ስታዲየም በሆነው ናሽናልስ ፓርክ ጨዋታ ስለነበረ መኪናውን ሲልቨር ስፕሪንግ አቆምን። ስታዲየም አጠገብ ለፓርኪንግ የሚጠይቁት ብር አጎቴን ያንገበግበዋል። በቀዩ መስመር ጋለሪ ፕሌስ ድረስ፣ ከዚያ በአረንጓዴው ኔቪ ያርድ ወረድን። ስታዲየሙ ጋ ሦስት ሐውልቶች አሉ፦ ጆንሰን፣ ኋላ ለዲሲ የተጫወተው መቺ ፍራንክ ሃዋርድ፣ ጆሽ ጊብሰን። ቀራፂው እንቅስቃሴ ለማሳየት ብሎ ለጆንሰን ብዙ ክንድ አብቅሎለታል። ብዙ ሰው ይሰድበዋል። አጎቴም «ሰውየውን ኦክቶፐስ አደረጉት» ብሏል። እኔ አልጠላሁትም። ያን ውርወራ ቆመው ያዩት መቺዎችም ከዚህ የተሻለ ያዩ አይመስለኝም።

ጊብሰን ጋ ግን ቆም ብዬ ነበር። ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድን በ1940ዎቹ ያንኑ ግሪፊዝ ስታዲየም ይከራይ ነበር፤ ጊብሰን የቡድኑ ካቸርና አስፈሪ መቺ ነበር። ነጮቹ ሊግ ውስጥ አንድም ቀን አልተጫወተም፤ አላስገቡትም። ጆንሰን ራሱ ችሎታውን በአደባባይ መስክሮለታል፣ ቡድኑ ግን አንድ ጥቁር ተጫዋች ለማስገባት እስከ 1954 ቆየ። ስለዚህ የ417ቱን ድል ነገር ስናወራ፣ በ21 ዓመት ውስጥ ፊቱ የቆሙት መቺዎች በቀለም ተመርጠው የገቡ ነበሩ። ይህ የእሱን ክንድ አያሳንስም፤ መዝገቡ ግን ጎዶሎ ነው፣ እንዲህ ተብሎ መጻፍ ነበረበት። ጊብሰን በጥር 1947 በ35 ዓመቱ ሞተ፣ ጆንሰን በሞተ በስድስተኛው ሳምንት ግድም።

ናሽናልስ በ2019 ዋንጫውን ሲያነሱ ለዲሲ ከዚያ ከጠጠሩ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ 95 ዓመት። እኛ ያየነው ጨዋታ ግን እንዲያ የሚያጓጓ አልነበረም። የጀመረው ፒቸር በአምስተኛው ኢኒንግ ደከመው ተብሎ ተቀየረ፣ አጎቴ «ይሄ ነው የናንተ ፒቸር? ያንተ ሰውዬ ሦስት ቀን ወርውሯል» እያለ አሾፈብኝ። በሰባተኛው ኢኒንግ ሰው ሁሉ ለመዝሙር ሲነሳ እሱ ጃኬቱን ለበሰ። «ተነስ፣ ባቡሩ ሳይጨናነቅ እንውጣ።»