ድንጋዩ ከሚናገረው በላይ

ለፋሲካ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ የሚመጡ ኢትዮጵያውያንን አስጎበኛለሁ። በእኛ ሥራ ማይክ የያዘ ሰው እጅግ ይታመናል። ተሳላሚው ለዚህ ጉዞ ለዓመታት ሲያጠራቅም ኖሯል። አገሩ ሲመለስ «ኢየሩሳሌም» ተብሎ ይጠራል። ያየውን ብቻ ሳይሆን ከእኛ የሰማውንም ለማኅበርተኛውና ለልጅ ልጁ ያወራል። ስለዚህ አስጎብኚ አሳምሮ የጨመራት አንዲት ቃል ወር ሳይሞላት ጎንደርና ደሴ ትደርሳለች።

ይህን የምለው በቅፍርናሆም ባጋጠመን ነገር ምክንያት ነው። ቡድኑ ትልቅ ስለነበር አስጎብኚዎቹ ሁለት ነበርን። የዚያን ዕለት ማይኩን የያዘው የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ሰው ይወደዋል። በገሊላ ባሕር ዳር ካለው ፍርስራሽ ፊት ቆሞ «ይህ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤት መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል። ስሙ ግድግዳው ላይ ተገኝቷል። ያቺ ጥግ ደግሞ አማቱ በንዳድ ታማ የተኛችባት ናት» አለ።

ከተሳላሚዎቹ መካከል አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ነበሩ። እጃቸውን አውጥተው «ማን ነው ያረጋገጠው? በምንስ አረጋገጠው?» ብለው ጠየቁ።

ባልደረባዬ ተናደደ። «ጋሼ፣ እምነት ላለው ሰው ማረጋገጫ ምን ያደርግለታል?» አላቸው።

ጥያቄው በዚያው ቀረ። ከኋላ አንዲት እናት «ተዋቸው፣ እሳቸው ሊመረምሩ ነው የመጡት» ሲሉ ሰማሁ። ማታ ጥብርያዶስ ሆቴል ውስጥ የጾም ራት ሲቀርብ መምህሩ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ እኔ ጴጥሮስን አልተጠራጠርኩም» አሉኝ። «የጠየቅኩት ስለ ቆፋሪዎቹ ሥራ ነው። ተረጋግጧል ያለው እሱ ነው። እንግዲያው ማስረጃውን ይንገረኝ።»

እውነታቸውን ነው። የሳይንስን ስም የጠራው ባልደረባዬ ነው። ሳይንስ ብለህ ጀምረህ፣ ስትጠየቅ እምነት ውስጥ መደበቅ ለሁለቱም ክብር አይሆንም። በማግስቱ ጠዋት ማይኩን እኔ እንድይዝ ጠየቅሁት። ደስ ባይለውም ሰጠኝ።

አውቶቡሱ እንደተንቀሳቀሰ ወደ ትናንቱ ቤት ተመለስኩ። የተገኘውን ከላይ ወደ ታች ነገርኳቸው። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ቦታውን ከ1968 ጀምሮ የቆፈሩት ሁለት የፍራንሲስካን መነኮሳት ናቸው፤ ቪርጂሊዮ ኮርቦና ስታኒስላዎ ሎፍሬዳ። ከሁሉ በላይ ያለው የ5ኛው መቶ ዘመን ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሥሩ በ4ኛው መቶ ዘመን በአጥር የተከበበ የጸሎት ቤት ወጣ። ከዚያም ሥር በጥቁር ድንጋይ የተሠራ ተራ መኖሪያ ቤት ተገኘ። አሠራሩ ከሰፈሩ ሌሎች ቤቶች አይለይም። ዓሣ የሚያጠምድ ቤተሰብ ቤት ነው ብትሉ የሚያሳፍር ግምት አይደለም፤ መንጠቆም ተገኝቶበታል።

ነገር ግን ከቤቱ ክፍሎች አንዷ ብቻ ተለይታለች። እንደ ቆፋሪዎቹ ንባብ፣ በ1ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ይህች ክፍል በኖራ ተለስናለች። በወለሏ ላይ ከዚያ በኋላ እንደ ሌሎቹ ክፍሎች የማብሰያ ዕቃ አይበዛም። በኋላ ዘመን ደግሞ መንገደኞች በልስኑ ላይ በግሪክኛ፣ በሱርስትና በሌሎች ቋንቋዎች ጸሎት ጭረውበታል። የኢየሱስ ስም አለበት። የጴጥሮስን ስም አነበብን ያሉም አሉ፤ ሁሉም ሊቃውንት ግን በዚያ ንባብ አይስማሙም። በ4ኛው መቶ ዘመን የመጣችው ተሳላሚ ኤጌርያ የጻፈችው ነው በሚባለው ጽሑፍም፣ የሐዋርያት አለቃ ቤት ቤተ ክርስቲያን መሆኑና የጥንት ግድግዳው እንደቆመ መኖሩ ይነበባል።

«እንግዲህ ድንጋዩ የሚናገረው ይህን ነው» አልኳቸው። «‹የጴጥሮስ ቤት ነኝ› የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ የለም። ነገር ግን አንዲት የዓሣ አጥማጅ መንደር ክፍል ገና በጥንቱ ዘመን ተለይታ ተከበረች። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን አልተረሳችም። ከእናንተ በፊት ሰዎች እዚህ መጥተው ጸልየዋል።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያልጠበቅኩት ዝምታ ሆነ። ቀጥዬ መቼም ከአእምሮዬ የማይጠፋውን ጉዳይ አነሳሁ። ሰው አርኪዮሎጂ ሲባል ታላቅ ሐውልት ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ግን ሐውልት አላቆሙም። የሚሰበሰቡት በሰው ቤት ነበር። የሚበሉበት ሳህን፣ የሚያበሩት ኩራዝ ከጎረቤታቸው አይለይም ነበር። ለዚህ ነው እስከ 200 ዓ.ም ድረስ በግልጽ የክርስቲያን ነው የሚባል ዕቃ እጅግ ጥቂት የሆነው። ያ ባዶነት ራሱ ይናገራል፤ ከጎረቤቱ ሳይለይ የኖረ ማኅበር እንደነበረ ያሳያል።

ከጥብርያዶስ ወደ ሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ ስንወርድ መንገዱ በመጊዶ በኩል ያልፋል። እዚያ እስር ቤት አለ። በ2005 እስር ቤቱን ለማስፋት አስቀድሞ ቁፋሮ ተደረገ፤ እስረኞችም በሥራው ተሳትፈዋል። ከአፈሩ ሥር የሞዛይክ ወለል ወጣ። ቆፋሪዎቹ ዘመኑን ወደ 230 ዓ.ም ገደማ ያደርጉታል። ቆስጠንጢኖስ ገና አልተወለደም። ክርስትና በሮም ሕግ የተፈቀደ ሃይማኖት አይደለም። ወለሉ ላይ በግሪክኛ ሦስት ጽሑፎች አሉ። አንደኛው ሞዛይኩን በራሱ ገንዘብ ያሠራው ጋይያኖስ የሚባል የሮም ጦር የመቶ አለቃ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው አራት ሴቶችን አስቡ ይላል። ሦስተኛው፣ አቄፕቱስ የምትባል እግዚአብሔርን የምትወድ ሴት ማዕዱን ለመታሰቢያ «ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ» እንዳቀረበች ይነግረናል።

እዚህ ላይ መኪናው እንዲያዘግም ሹፌሩን ለመንኩት። «ክርስቶስን አምላክ ያደረገው የኒቅያ ጉባኤ ነው» የሚል ወሬ ልጆቻችሁ ከስልካቸው ላይ ያነባሉ። ኒቅያ የተሰበሰበው በ325 ነው። ይቺ ሴት ይህን ያስጻፈችው ከዚያ በፊት ወደ መቶ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ነው። ያስጻፈው ንጉሥ አይደለም፣ ጳጳስም አይደለም። ማዕድ የሰጠች አንዲት ምእመን ናት። ይህን ለማሳመር ምንም መጨመር አያስፈልግም። እኔ በበኩሌ ከማውቃቸው ግኝቶች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

አንዲት ወጣት «ስለ ስቅለቱስ የተገኘ ነገር አለ?» አለች። በ1968 በኢየሩሳሌም ሰሜን በኩል አንድ መቃብር መከፈቱን ነገርኳት። አጥኚው ቫሲሊዮስ ጻፌሪስ ነበር። በድንጋይ የአጽም ሣጥን ውስጥ ዮሐናን የሚባል ሰው አጥንት ተገኘ። የቀኝ ተረከዙ ላይ ምስማሩ እንደተሰካ ነው። ጫፉ ታጥፎ ስለነበር ሳይነቀል አብሮት ተቀብሯል። ይህ ጌታ አይደለም፤ በዚያው መቶ ዘመን የተሰቀለ ሌላ ሰው ነው። ነገር ግን አንዳንዶች፣ ሮማውያን የሰቀሉት ሰው ፈጽሞ በክብር አይቀበርም ነበር ይላሉ። የዮሐናን ቤተሰብ አስከሬኑን ተቀብሎ በወጉ እንደቀበረው ሣጥኑ ምስክር ነው። ስለዚህ አስከሬኑን ለምኖ መቅበር ሊሆን የማይችል ነገር አልነበረም። ከዚህ በላይ አይናገርም። ከዚህ በታችም አይናገርም።

ቂሳርያ ስንደርስ ቴአትር ቤቱ አጠገብ ያለውን የጲላጦስ ድንጋይ ቅጂ አሳየኋቸው። ዋናው ኢየሩሳሌም ሙዚየም ውስጥ ነው። በ1961 በአንቶኒዮ ፍሮቫ የሚመራ የኢጣልያን ቡድን ሲያገኘው የቴአትሩ ደረጃ ሆኖ ተገልብጦ ነበር። በላቲን የጤቤርዮስን ስም፣ የጲላጦስን ስምና ማዕረጉን ይዟል። የሮሙ ታሪክ ጸሐፊ ታኪቶስ ማዕረጉን ፕሮኩራቶር ብሎታል፤ ድንጋዩ ግን ፕሬፌክቱስ ይላል። ጸሐፊው በዘመኑ ልማድ ነው የጻፈው፤ ድንጋዩ አረመው። መምህሩ ቀርበው ፊደሎቹን በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ «ስለ እኛ በጰንጤናዊ ጲላጦስ ዘመን ተሰቀለ» ብለው ከጸሎተ ሃይማኖት አነበነቡ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

ያን ዕለት ማታ ከባልደረባዬ ጋር ተነጋገርን። «ሰው የሚመጣው ሊባረክ እንጂ ትምህርት ሊሰማ አይደለም» አለኝ። ይህ ሐሳብ ከንቱ አይደለም፤ እኔም ለቅፍርናሆም ጸሎት ጊዜ አልነፈግኩም። ነገር ግን ያልተገኘን ተገኘ ስንል አንድ ቀን የተማረ ልጃቸው ያርማቸዋል። ያኔ እናትየው የምትጠራጠረው የእኛን ወሬ ብቻ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ሁለታችን ተስማማን። የተቆፈረ ነገር ስናነሳ ማን ቆፈረው፣ መቼ፣ ከየትኛው ንብርብር ወጣ የሚለውን አብረን እንናገራለን። ትውፊት ሲሆን ደግሞ «አባቶች የሚነግሩን» ብለን በክብሩ እንናገራለን። እሱ አሁን ከእኔ የተሻለ ያደርገዋል፤ አንደበት አለውና።

ኢየሩሳሌም ገብተን ዴር ሡልጣን ላይ ሳለን፣ ቅፍርናሆም ላይ ያጉረመረሙት እናት ወደ እኔ መጡ። ገዳማችን ያለው ከቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ከቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ነው። «ልጄ፣ ከእግራችን ሥርስ ምን አገኙ?» አሉኝ።

ቦታው ጥንት ድንጋይ የሚፈለጥበት እንደነበር፣ በዓለቱ ውስጥ መቃብሮች እንደተወቀሩበት ነገርኳቸው። በ2016 መቃብሩ ለእድሳት ሲከፈት፣ ከእብነ በረዱ ሥር የነበረው የኖራ ማያያዣ ተመርምሮ ወደ 345 ዓ.ም ገደማ መሆኑ ታወቀ። ያ የቆስጠንጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ዘመን ነው። በቅርቡ ደግሞ የሮም ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከወለሉ ሥር ሲቆፍር የእርሻ አፈር፣ የወይራና የወይን ምልክት አግኝቷል። ዮሐንስ በወንጌሉ በተሰቀለበት ስፍራ አትክልት ነበረ ይላል።

«ታዲያ ስሙ ተጽፎ አልተገኘም?»

«አልተገኘም፣ እማማ። የተገኘው የአትክልት ቦታ ነው።»

ጥቂት አሰቡና «ይህን በአማርኛ ጻፊልኝ፣ ልጄ። ለልጄ ላሳያት» አሉኝ። መምህሩ ከጎናቸው ቆመው ነበር፤ «ለእኔም ዓመቶቹን እንዳትረሺ» አሉ። ማታውኑ የቆፋሪዎቹን ስም፣ ዓመቱንና ቦታውን አስፍሬ ለሁለቱም ሰጠኋቸው። አንድ ቅጂ ለባልደረባዬ አስቀረሁ።