የተጋላጭነት ቅኝት መቼ ይለፍ፣ መቼ ይውደቅ? የአራት ወር የልምምድ ማስታወሻ

ላለፉት አራት ወራት በትርፍ ጊዜዬ በምሠራው አንድ አነስተኛ የድር መተግበሪያ ላይ፣ የተጋላጭነት ቅኝት (በመተግበሪያውና በሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎች፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስቦች፣ ውስጥ የታወቁ የደኅንነት ክፍተቶችን የሚፈልግ ፍተሻ) በራሱ ተካሂዶ ግንባታው (ኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀየርበት ሂደት) እንዲያልፍ ወይም እንዲወድቅ የሚወስን ደንብ ለማበጀት ስጥር ቆይቻለሁ። ቅኝቱን ማስጀመር ከግማሽ ቀን ያልበለጠ ሥራ ነበር። የቀረው ጊዜ በሙሉ ያለቀው «ምን ሲገኝ ይውደቅ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ በመፈለግ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደንብ ያለኝ መስሎኝ ነበር እንጂ አልነበረኝም። የምጠቀምበት ትሪቪ የተባለው መሣሪያ የቱንም ያህል ክፍተት ቢያገኝ፣ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር የመውጫ ኮዱ (ሥራውን ሲጨርስ የሚያስተላልፈው የውጤት ቁጥር) 0፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ነው፤ ፓይፕላይኑ (ቅኝቱንና ግንባታውን በራሱ የሚያካሂደው የሥራ ሰንሰለት) ደግሞ የሚያነበው ይህንኑ ኮድ እንጂ በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ሰንጠረዥ አይደለም። ክፍተት ሲገኝ ኮዱ 1 እንዲሆን ካዘዝኩ በኋላም ውጤቱን ፋይል ላይ ለማስቀመጥ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብል መንገድ) ወደ ሌላ ትእዛዝ አስተላልፈው ስለነበር፣ ሼሉ (ትእዛዞቹን የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) የመጨረሻውን ትእዛዝ ኮድ ብቻ እየያዘ ሁልጊዜ «አልፏል» ይል ነበር። ይህን የደረስኩበት ክፍተቱ በሚገባ የታወቀ ሎግ4ጄ የተባለውን፣ የፕሮግራም ክንውን የሚመዘግብ የጃቫ ላይብረሪ፣ አንድ የቆየ ስሪት ሆን ብዬ ጨምሬ ስሞክር፣ ግንባታው ያለ አንዳች ተቃውሞ ሲያልፍ አይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ደንቡን በቀየርኩ ቁጥር፣ መውደቅ የሚገባው ናሙና በእርግጥ መውደቁን ሳላረጋግጥ አልቀጥልም።

ሁለተኛው ሙከራዬ በክብደት ብቻ መወሰን ነበር። የክፍተትን ክብደት ከ0 እስከ 10 በሚመዝነው የሲቪኤስኤስ 3.1 መለኪያ ከ7.0 እስከ 8.9 ያለው «ከፍተኛ»፣ ከ9.0 እስከ 10.0 ያለው ደግሞ «እጅግ አሳሳቢ» ስለሚባል፣ 7.0 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሁሉ እንዲጥል አደረግሁ። ወዲያውም ግንባታው ቆመ፤ ምክንያቱም የኮንቴይነሩ (መተግበሪያው ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የሚታሸግበት ጥቅል) መነሻ ኢሜጅ ውስጥ ገና ማስተካከያ ያልወጣላቸው የስርዓተ ክወና ጥቅሎች ነበሩ። እኔ ላደርገው የምችለው ነገር ስላልነበረ ቅኝቱን ለጊዜው እያጠፋሁ መሥራት ለመድሁ፤ በዚያው ጊዜ በአንድ ቀን ሊታረም የሚችል ሌላ ክፍተት ሳላየው አለፈኝ። የታገደው ሰው በእጁ መፍትሔ ከሌለው ደንቡን መዝለል እንደሚለምድ፣ ልማዱም መፍትሔ ላላቸው ክፍተቶች ጭምር እንደሚተርፍ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ነጥቡ ራሱም ጉዳቱ ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ይናገራል እንጂ አጥቂዎች ክፍተቱን እየተጠቀሙበት መሆኑን አይናገርም። በ2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ፣ የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚያመሰጥረው የኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ ውስጥ የተገኘው ክፍተት፣ በጊዜው በነበረው የሲቪኤስኤስ 2 መለኪያ የተሰጠው 5.0 ብቻ ነበር፤ የእኔ የ7.0 ወሰን ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ሳይነካው ያሳልፈው ነበር። ስለዚህ የአሜሪካው የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ ሲሳ ከ2021 ጀምሮ የሚያወጣውን፣ ለጥቃት መዋላቸው የተረጋገጠ ክፍተቶች ዝርዝር ከቅኝቱ ውጤት ጋር የሚያመሳክር አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ።

አሁን ግንባታው የሚወድቀው 7.0 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያለውና ማስተካከያ የወጣለት ክፍተት ሲገኝ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ክፍተት ከሆነ ግን ነጥቡ ምንም ይሁን ምን፣ ማስተካከያ ባይኖረውም እንኳ ይጥላል፤ በዚህ ጊዜ ላይብረሪውን ማውጣት ወይም አገልግሎቱን ማጥፋት ራሱ መፍትሔ ነውና። የቀረው ሁሉ ይመዘገባል፣ አያግድም። አንድን ክፍተት በልዩ ሁኔታ ማሳለፍ ካስፈለገ ምክንያቱ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ቢበዛ የ30 ቀን ገደብ ይሰጠዋል። የትሪቪ የማሳለፊያ ፋይል የሚያበቃበትን ቀን ስለሚቀበል፣ ቀኑ ሲደርስ ማንም ሳያስታውሰው ክፍተቱ ተመልሶ ይታያል። በተጨማሪም መሣሪያው ራሱ ሲበላሽ፣ ለምሳሌ የታወቁ ክፍተቶች የተመዘገቡበትን የተጋላጭነት ቋት ማውረድ ሲያቅተው፣ በኮድ 1 ስለሚወጣ ለተገኘ ክፍተት ኮድ 10 መደብሁ። ሁለቱም ግንባታውን ያቆማሉ፤ ነገር ግን «ክፍተት ተገኘ» እና «ቅኝቱ አልተካሄደም» የሚሉት መልእክቶች ተለይተው ይደርሱኛል።

ኮድ ሲለወጥ ብቻ መቃኘትም አልበቃኝም። በዲሴምበር 2021 ሎግ4ሼል የተባለው የሎግ4ጄ ክፍተት ይፋ ሲሆንና የ10.0 ነጥብ ሲሰጠው፣ ቀድሞ ያለፈ ፕሮግራም አንድ ፊደል ሳይቀየርበት ተጋላጭ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ዋናው ቅርንጫፍ (የኮዱ ዋና ቅጂ) በየሌሊቱ ይቃኛል።

በዚህ ሳምንት የያዝኩት ጉዳይ ለፈተና ብቻ የሚያገለግሉ ላይብረሪዎች ናቸው። ለተጠቃሚ ስለማይደርሱ በላላ ደንብ ይዳኙ የሚለውን ሐሳብ አስቤበት ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚሠሩት የማሰማሪያ ቁልፎቼ (መተግበሪያውን ወደ አገልግሎት ለማውጣት የሚያስፈልጉት ምስጢራዊ ቁልፎች) በሚገኙበት በዚያው የግንባታ ማሽን ላይ በመሆኑ፣ ቁልፎቹን በፓይፕላይኑ ውስጥ ወደ ተለየ ሥራ እስካዛውር ድረስ በአንድ ደንብ እንዲዳኙ ወስኛለሁ።