ፕሪንሲፔ፣ በአራት ኪሎ በኩል

ዛሬ ከሰዓቱን ሙሉ አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስለ አንዲት ደሴት አወራን። የአክስቴ ልጅ ከውጭ መጥታለች። በቅርቡ በመርከብ ምዕራብ አፍሪካን ስትዞር ፕሪንሲፔ ላይ አንድ ቀን ወርዳ ነበር።

ፕሪንሲፔ የሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ትንሿ ደሴት ናት፤ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ከምድር ወገብ ትንሽ ከፍ ብላ። ትልቁ መርከብ ራቅ ብሎ ይቆምና ሰው በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል። «እስከ ጉልበቴ ራስኩ!» አለችኝ እየሳቀች።

ደኑን ስታወራ አትጠገብም። ከደኑ ሥር ደግሞ ካካዎ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እነዚህ ደሴቶች ከዓለም ቀዳሚ የካካዎ አምራቾች ነበሩ። የሚለቅሙት ግን ከአንጎላ በግድ የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1909 የእንግሊዝ ቸኮሌት አምራቾች በዚሁ ምክንያት መግዛት አቆሙ። ዘግይተውም ቢሆን።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሰንዲ የሚባለው የድሮ እርሻ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አርተር ኤዲንግተን እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 1919 የፀሐይ ግርዶሽን ፎቶ ያነሳው እዚያ ነው፤ ያውም ደመናው ሊያበላሽበት ሲል። አንስታይን አስቀድሞ እንደተነበየው፣ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚታጠፍ ያሳዩት ከዚያና ከብራዚል የተገኙት ፎቶዎች ናቸው። አንስታይንን ዓለም በአንዴ ያወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ፊዚክስ ስንማር ይህን የነገረን ሰው የለም!

አብረዋት ከወረዱት ግማሾቹ ዋይፋይ ሲፈልጉ ዋሉ አሉ። ምን ይደረግ።

ቸኮሌት አምጥታልኛለች። መራራ ነው፣ እኔ ወደድኩት። እማዬ ግን ቀምሳ «ስኳሩን ረስተውታል» ብላ መለሰችልኝ።