«ክዮን?» ሲሉኝ

ዛሬ ዴልሂ ውስጥ ሻይ የሚሸጡ አንድ አዛውንት «አፕ ሂንዲ ክዮን ሲክ ራሄ ሄን?» አሉኝ። «እርስዎ ሂንዲ ለምን እየተማሩ ነው?» ማለት ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል! «ክዮን» ከግሱ በፊት ትገባለች፣ ግሱም እንደኛው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሂንዲ ለሚጀምር የኛ ሰው ይሄ ትልቅ ስንቅ ነው። «ክዮንኪ...» ብዬ መልሴን ጀመርኩ፤ «ምክንያቱም» እንደማለት። ከሰፈሩ ሰው ጋር ማውራት እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

ልቤን የነካው ግን «አፕ» ማለታቸው ነው። በዕድሜ ልጃቸው እሆናለሁ። «ቱም» ብለው አንተ ቢሉኝ ማን ይቀየማቸዋል? እሳቸው ግን አንቱ አሉኝ። ጀማሪዎች፣ የማታውቁትን ሰው «ለምን» ብላችሁ ስትጠይቁ «አፕ»ን አትርሱ። ባዶዋን «ክዮን?» ካላችሁ ቁጣ ልትመስል ትችላለች።