ከባባዶቹ ቃላት ይቆዩ፤ መጀመሪያ መሃለኞቹን

ሀዋሳ ውስጥ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ወይም ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የሚዘጋጅ ሰው ሞልቷል። የሁሉም ስልክ ላይ ደግሞ ያው ፋይል አለ፤ «የግድ መታወቅ ያለባቸው ቃላት» የሚል ማለቂያ የሌለው ፒዲኤፍ። በፊደል ተራ ከ«ኤ» ይጀምራል። አብዛኛው ሰው «ቢ» ጋ ሳይደርስ ይተወዋል። አቤይት፣ አብሆር፣ አብስቲሚየስ እያለ የሚያንበለብል፣ ከ«ሲ» በኋላ ግን ፀጥ የሚል ጓደኛ የሌለው ማን አለ?

እኔ በሌላ በር ገባሁ። እስካሁን የሠራልኝን ላካፍላችሁ፤ በተለይ ሥራ እየሠራችሁ ለምታጠኑ።

ሥራዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ነው። ማስተርሴን መማር እፈልጋለሁ። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ የምርምር ጽሑፍ ሳነብ ያስቆመኝን ቃል ሁሉ በእርሳስ ማስመር ያዝኩ። ትርጉሙን ወዲያው አላይም፤ አስምሬ አልፋለሁ። ጥቂት ሳምንት እንደሄድኩ መለስ ብዬ የተሰመረባቸውን አየሁ። የሙያ ቃላት የሉበትም ማለት ይቻላል። ሂሞግሎቢንን ተምሬዋለሁ፣ በየቀኑ እጄ ላይ ነው። እነዚያ የፒዲኤፉ ጉደኛ ቃላትም እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብለው ነው የተገኙት። ገጹን የሞሉት መሃለኞቹ ናቸው፦ ኮንስቲትዩት፣ ዲራይቭ፣ ኢምፕላይ፣ ኢንኸረንት፣ ኮንቨርስሊ፣ አልቢት። ከሃይስኩል ጀምሮ እናያቸዋለን። «አውቀዋለሁ» እንላለን። አስረዱ ብንባል ግን እንንተባተባለን።

እነዚህን ቃላት አንድ ቦታ የሰበሰበቻቸው አቭሪል ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው ሥራ ከሥነ ጥበባት፣ ከንግድ፣ ከሕግና ከሳይንስ የተውጣጣ 3.5 ሚሊዮን ቃል ገደማ ያለው የአካዳሚክ ጽሑፍ መረመረች። በጣም የተለመዱትን 2,000 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታዎቹ) ከቆጠራው አስወጣች። ከቀረው ውስጥ በሁሉም ዘርፍ የሚደጋገሙትን ለየች። 570 ቤተሰብ ሆኑ። አካዳሚክ ወርድ ሊስት የሚባለው ይኸው ነው። በድግግሞሻቸው መጠን በ10 ክፍል ተከፍለዋል፤ አንደኛው ክፍል ላይ አሰስና ዲራይቭ አሉ፣ አሥረኛው ላይ አልቢትና ኖትዊዝስታንዲንግ።

ቁጥሩ ነው ልቤን የገዛው። እነዚህ 570 ቤተሰቦች ከአንድ የአካዳሚክ ጽሑፍ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። ከ10 ቃል አንዱ ማለት ነው። አብስቲሚየስን ግን ሙሉ ጽሑፍ አንብባችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። ጊዜ የሌለው ሰው ከየት መጀመር እንዳለበት ለመወሰን ሌላ ምክንያት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ዝርዝሩን ግን እንደ ዳዊት አልደገምኩትም። የማረጋገጫ ወረቀት አደረግኩት። ቃሉን ከንባብ አገኘዋለሁ፤ ዝርዝሩ ላይ ካለ የማጥኛ ካርድ ይሠራለታል፣ ከሌለ ብዙ ጊዜ አልፈዋለሁ።

ንባቡን ከሰፈሬ ጀመርኩ። ስለ ስምጥ ሸለቆ ውሃና ስለ ፍሎራይድ። እዚህ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ በአካባቢው ጥርሱ የበለዘ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ብዙ የጉድጓድ ውሃ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ «ኤክሲድ» የሚል ግስ ከ1.5 አጠገብ ሳገኝ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ነገሩን ስለማውቀው ቃሉ ራሱ መጣልኝ። ፕሪቫለንት፣ ኤክስፖዠር፣ ሚቲጌትም እንደዚሁ። ስለማታውቁት ነገር በማታውቁት ቃል ማንበብ ግን ድርብ ሸክም ነው። የምታውቁትን ጉዳይ ምረጡ፤ ቡና፣ ዓሣ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ምንም ይሁን። ስለ ሀዋሳ ሐይቅ ብቻ የተጻፈውን ብትፈልጉ ለወራት የሚበቃ ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖል ኔሽን የተባለ የቃላት ትምህርት ሊቅ እንደሚለው፣ ሳይደናቀፉ ለማንበብ ከጽሑፉ ቃላት 98 በመቶውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ50 ቃል የማይታወቀው አንድ ብቻ ሲሆን ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጽሑፍ የምመርጠው በዚህ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ በእርሳስ ከተዥጎረጎረ አስቀምጠዋለሁ። አልሸሸሁም፤ ጊዜው አልደረሰም።

አሁን ወደ ካርዱ። አንኪ የሚባለውን የማጥኛ ካርድ መተግበሪያ እጠቀማለሁ። አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ያስከፍላል። ካርዱ አንዴ ከተሠራ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ይህ እኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ከአቶቴ ፒያሳ እስክደርስ የተወሰነውን እጨርሳለሁ። ከፊት ለፊት ካነበብኩት ጽሑፍ የተወሰደ ዓረፍተ ነገር አለ፣ ቃሉ ያለበት ቦታ ባዶ ሆኖ። ከጀርባ ቃሉና አጭር የእንግሊዝኛ ፍቺ። አማርኛውን የምጽፈው ቁልጭ ብሎ ከመጣ ብቻ ነው። አልቢትን በአማርኛ ለመፍታት ከመታገል ያለበትን ዓረፍተ ነገር መያዝ ይቀላል።

ዋናው ቁም ነገር ግን መልሱን ሳያዩ ማሰብ ነው። ካርፒኪና ሮዲገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ለአሜሪካ ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላት ከነትርጉማቸው አስጠኑ። ቃላቱን አንዴ ካወቋቸው በኋላም ደጋግመው የተፈተኑባቸው ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ገደማ አስታወሱ። አንዴ ካወቋቸው በኋላ መፈተን የቀረባቸው፣ ንባቡ ቢደጋገምላቸውም፣ ከሲሶው ብዙም አላለፉም። ስለዚህ ደብተር ላይ በቀለም እያሰመሩ ደጋግሞ ማንበብ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ብዙ አይጠቅምም። ይቅርታ፣ ሃይላይተር የምትወዱ።

ደግሞ አንዳንድ ቃል አለ፣ እምቢ ያለ። አንኪ 8 ጊዜ የተረሳን ካርድ «ሊች» ብሎ ወደ ጎን ያወጣዋል፤ አልቅት መሆኑ ነው። የኔ አልቅት አድቨርስና አቨርስ ናቸው። ሁለቱን ለያይቼ፣ አድቨርስን ከመድኃኒት ጉዳት ጋር አቨርስን ከሰው ፍላጎት ጋር አስሬ ሌላ ዓረፍተ ነገር ስሠራላቸው ለቀቁኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ አጠገብ ቡና እየጠጣን የምንገናኝ አራት ሰዎች ነን። አንዱ ጡረታ የወጡ የሃይስኩል መምህር ናቸው፤ ሁላችንም «ቲቸር» ነው የምንላቸው። ፈተና የለባቸውም፣ ደስ ስለሚላቸው ነው የሚመጡት። የአይኤልትስ ንባብ 3 ጽሑፍ፣ 40 ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ ነው። ሰውን የሚጥለው ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቭን (እውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም) የሚባለው ክፍል ነው። በቀደም ስንሠራ፦

«ቲቸር፣ ይሄ ትሩ ነው አይደል?»

«እስቲ ጽሑፉ ላይ አሳዪኝ።»

«ይኸው፣ ጉድጓዶቹ ከወሰኑ ያልፋሉ ይላል።»

«ስንቶቹ ጉድጓዶች?»

ጽሑፉ «ሞስት» ይላል፤ ጥያቄው «ኦል»። ስለዚህ ፎልስ። ሁሉንም ቃል አውቀዋለሁ እኮ! ከዚያ ወዲህ ለእነዚህ ትንንሽ ቃላት የተለየ ክምር አለኝ፦ ሜይ፣ ቴንድ፣ ሰጀስት፣ ላርጅሊ፣ ሰልደም። የምርምር ጸሐፊ ሲጠነቀቅ የሚይዛቸው ናቸው። «ሰጀስት» ብሎ የጻፈን ሰው «አረጋገጠ» ብሎ ማንበብ ያልተናገረውን ማናገር ነው። ከባድ ቃል ከማወቅ ይልቅ ይህ ብዙ ነጥብ ያስገኛል ብዬ አምናለሁ።

ጂአርኢ (አንዳንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ የሚጠይቁትን ፈተና) የምታስቡ ካላችሁ ለናንተ የፒዲኤፉ ቃላት ይጠቅማሉ፤ አልክድም። ግን ፈተናው ተቃራኒ ቃልና የቃል ዝምድና መጠየቅ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አሁን ቃል ብቻውን ቆሞ አይመጣም፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አንዱ የጥያቄ ዓይነት ከ6 ምርጫ ተመሳሳይ ሐሳብ የሚሰጡ 2 ቃላት ያስመርጣል፤ አንዱን ብቻ ብታገኙ ነጥብ የለም። ከሁሉ የሚያናድደው የምናውቀው ቃል ሌላ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነው። ኳሊፋይ ማለት ለውድድር ማለፍ ብቻ መሰላችሁ? አባባልን መገደብ፣ ማለዘብም ነው። ቼክ ደግሞ መግታት ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ቃላት ሁለተኛ ካርድ እሠራለሁ፣ በሁለተኛው ትርጉም ብቻ።

ስለ ቃል ሥር ብዙ ይወራል። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ዕድለኛ ይመስለኛል። አመነ ካልን እምነት፣ አማኝ፣ ታማኝ፣ ተአማኒነት እያልን እንቀጥላለን፤ ማንም ሳያስተምረን ሥሩን እናየዋለን። የላቲኑ ክሬድም እንደዚያው ይሠራል፦ ክሬዲብል፣ ክሬደንስ፣ ኢንክሬዱለስ፣ ባንክ ያለው ክሬዲትም ሳይቀር። ስለዚህ አንድ ቃል ስይዝ ዘመዶቹን አብሬ እጽፋለሁ። ሥር ግን ይዋሻልም። ኢንቫሉዌብል ዋጋ ቢስ ማለት አይደለም፤ ዋጋው የማይተመን ነው። ኢንፍላመብልም የሚቀጣጠል እንጂ የማይቀጣጠል አይደለም። በሥሩ ገምቱ፣ በዓረፍተ ነገሩ አረጋግጡ።

አሁን የት ደረስኩ? በሙያዬ ያለ ጽሑፍ ማጠቃለያውን ሳልቆም አነባለሁ። የውይይት ክፍሉ አሁንም ያዘገየኛል፤ ዓረፍተ ነገሩ ስለሚረዝም ነው እንጂ ቃሉ ስለሚከብድ አይደለም። መጻፍ ላይ ገና ነኝ። ካርዱ ላይ በሰከንድ የምመልሰው ቃል ብዕር ስይዝ አይመጣም። ስለዚህ ቅዳሜ ከመገናኘታችን በፊት እያንዳንዳችን የሳምንቱን ካርዶች ተጠቅመን አንድ አንቀጽ እንድንጽፍ ተስማምተናል። ቲቸር ያርማሉ፣ በቀይ፣ ያለ ርኅራኄ።

ቀጣዩ ከሙያዬ መውጣት ነው። ፈተናው ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ከዋክብት ያመጣል፤ የኔ ክምር ደግሞ ውሃና ደም ብቻ ነው። ስለ ታሪክ ወይም ስለ ሥነ ሕንጻ በቀላል አካዳሚክ እንግሊዝኛ የተጻፈ አጠር ያለ ጽሑፍ ያላችሁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ካርዶቼን እንድልክላችሁ ለጠየቃችሁኝም፦ እልካለሁ። ግን ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ስለ ፍሎራይድና ስለ ደም ናሙና ናቸው። የምትማሩት ሕግ ወይም አካውንቲንግ ከሆነ የራሳችሁን ብትሠሩ ይሻላል።